ጠጁን የሚያሆመጥጠው በርሜሉ ነው ወይስ ጎማው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። እናቴ ጠጅ በጋን ስትጥል እያየሁ ያደግሁ ብሆንም፣ እኔ ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ የምጥለው ከታች ቧንቧ ባለውና 60 ሊትር በሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል ነው። ሲደርስ 2 ሜትር በሚሆን ግልጽ ጎማ ወደ ጀሪካኖች አወርደዋለሁ። በርሜሉ ውስጥ እያለ ጣዕሙ እጅግ ጥሩ ነው፤ ጀሪካን ከገባ በሳምንቱ ግን ይሆመጥጣል፣ ሽታውም ወደ አቼቶ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆኖብኛል። በርሜሉን በፈላ ውሃና በበረኪና አጥበዋለሁ፤ በጎማውም ውሃ አሳልፍበታለሁ። ጥፋቱ የት ላይ ነው? የበረኪናውስ ልክ ስንት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በርሜሉ ውስጥ ደህና የነበረ ጠጅ ጀሪካን ከገባ በኋላ የሚበላሽ ከሆነ፣ ምክንያቱን መፈለግ ያለብን በብርዙ ወይም በጌሾው ሳይሆን ከበርሜሉ ቧንቧ እስከ ጀሪካኑ አፍ ባለው መንገድ ላይ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ጠጁን ሁለት ነገሮች ያገኙታል፤ አንዱ ጎማው ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያ፣ ሌላው አየር። አልኮልን ወደ አቼቶ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ይህን ሥራ ያለ አየር መሥራት አይችሉም። ጠጁ በርሜሉ ውስጥ እየፈላ ሳለ ከላዩ ያለውን ባዶ ቦታ የሚሞላው ከእርሾው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመሆኑ፣ ባክቴሪያው ቢኖር እንኳ አቅም አያገኝም። ከጎማው ወጥቶ እየተንፏፏ ጀሪካን ውስጥ ሲወድቅ ግን ባክቴሪያውንም አየሩንም በአንድ ጊዜ ይዞ ይገባል።

ስለ ጎማው በሰፊው ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። የውስጡ ስፋት 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ የ2 ሜትር ጎማ ተሰንጥቆ ቢዘረጋ፣ የውስጥ ገጹ ከ620 ካሬ ሳንቲ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ይኸውም የአንድ ኤ4 ወረቀት ስፋት ማለት ነው። የሚወርደው ጠጅ ሁሉ ይህን ገጽ እየዳበሰ ያልፋል። ገጹን ግን እጅ አይደርስበትም፣ ዓይንም በደንብ አያየውም። በላዩ ላይ የማር ቅሪት፣ የሞተ እርሾና ባክቴሪያ አንድ ላይ ተጣብቀው የሚያሟልጭ ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ውሃ ብቻ ማሳለፍ ደግሞ ይህን ሽፋን አያስለቅቀውም። በረኪናም ቢጨመርበት ቆሻሻን ከጀርም ለይቶ ስለማያጠቃ፣ ኃይሉን መጀመሪያ ባገኘው የማር ቅሪት ላይ ይጨርስና ከሥር ያለውን ሕያው ነገር ሳይነካው ይቀራል። ስለዚህ ማጠብና ጀርም መግደል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን፣ ሁለተኛውም ያለ መጀመሪያው ከንቱ መሆኑን አጥብቄ አሳስባለሁ።

የማጠቢያው ትክክለኛ ሰዓት ጠጁ ወርዶ ያለቀበት ደቂቃ ነው እንጂ የሚቀጥለው ጠጅ የሚጣልበት ቀን አይደለም። ገና ሳይደርቅ ለብ ያለ ውሃ በብዛት ያሳልፉበት፤ ቀጥሎም ሽታ የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በሞቀ ውሃ በጥብጠው ጎማውን ለግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት። አንድ ጠንካራ ክር በሚፈስሰው ውሃ ኃይል ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ካሳለፉ በኋላ፣ በክሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ንጹሕ ጨርቅ አስረው በጎማው ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይሳቡት። ጨርቁ ቢጫ ወይም ቡናማ ነገር ይዞ ከወጣ፣ የጠጅዎን ጠላት በዓይንዎ አዩት ማለት ነው። ከዚያም ሳሙናው እስኪለቅ አለቅልቀው፣ ሁለቱም አፎቹ ወደ ታች እንዲሆኑ አድርገው ጥላ ሥር በምስማር ይስቀሉት። ጠቅልሎ ማስቀመጥ በጥቅልሉ ሥር ውሃ ያስቀራል፤ እንደ ባሕር ዳር ባለ ሞቃት ከተማ ያ ውሃ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሻጋታ ማደጊያ ይሆናል። ውስጡ የደፈረሰ፣ ነጠብጣብ ያወጣ ወይም ታጥቦም የሚሸት ጎማ መጣል አለበት፤ ከ40 ሊትር ጠጅ ይልቅ 2 ሜትር ጎማ ይረክሳልና። አዲሱንም ሲገዙ ለምግብ ወይም ለመጠጥ ተብሎ የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ጠጁ ላይ የላስቲክ ጣዕም ይተዋል።

የበርሜሉ ነገር ከዚህ ይቀላል። በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ እንጂ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አይፈተግ፤ ሽቦው በፕላስቲኩ ላይ የሚተወው ጭረት ለባክቴሪያ መጠለያ ይሆናልና። ቧንቧውን ግን ከበርሜሉ ነቅለው፣ የጎማ ማሸጊያውንም አውጥተው ለየብቻ ይጠቡት። ከማሸጊያው ጀርባ የሚቀረው አምቡላ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይከርማል።

አሁን ወደ በረኪናው። 5 በመቶ የሚል ጽሑፍ ያለበትና ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና ከሆነ፣ ለ1 ሊትር ውሃ 4 ሚሊ ሊትር በቂ ነው፤ በሲሪንጅ ቢለኩት ስሕተት አይኖርም። ለ10 ሊትር ውሃ 40 ሚሊ ሊትር ይሆናል ማለት ነው። ይህን 10 ሊትር በርሜሉ ውስጥ አድርገው እያገላበጡ ሁሉም ገጽ ለ20 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ ያድርጉ፤ ጎማውንም ውስጡ አየር ሳይቀር ሞልተው በዚያው ውሃ ውስጥ ይዝፈቁት። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። በፈላ ውሃ መበጥበጥ ኃይሉን ይበትነዋል፣ ትነቱም ሳንባን ያውካል፤ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀምዎን ዛሬውኑ እንዲተዉ እለምንዎታለሁ። ከዚህም የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ አሲድ ነክ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሰው ሊገድል ይችላል።

በረኪና ከታጠበበት ዕቃ ተጠርጎ ካልወጣ ክሎሪኑ ከጌሾው ከሚገኙ፣ ፌኖል ከሚባሉ የተፈጥሮ ንጥረ ነገሮች ጋር ተዋሕዶ፣ እጅግ ጥቂት እንኳ ቢሆን ምላስ የሚለየው የመድኃኒት ጣዕም ይፈጥራል። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ። የሚለቀለቅበትም ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። የጣና ውሃ ወይም በጎታ የከረመ ውሃ ተጠቅሞ ማለቅለቅ የገደሉትን ጀርም መልሶ እንደ መዝራት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ጠጅን የሚያበላሹት ባክቴሪያዎች ከዚህ ባነሰ ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚሞቱ ይህ ሊያሳስብዎ አይገባም። በፈላ ውሃ ጎማ መቀቀል የሚቻለው ጎማው ሲሊኮን ከሆነ ብቻ ነው፤ ተራው ግልጽ ጎማ ይልማል፣ ይነጣል። ስታር ሳን የተባለውን አሲዳማ ፀረ ጀርም ከውጭ የሚያመጣልዎ ዘመድ ካለ፣ ለ1 ሊትር ውሃ 1.5 ሚሊ ሊትር ሆኖ በ2 ደቂቃ ሥራውን ይጨርሳል፣ ማለቅለቅም አያስፈልገውም፤ ለቧንቧው አፍ ደግሞ 70 በመቶ አልኮል መርጨት ይበቃል።

በመጨረሻ፣ ጠጁን ለማስጀመር ጎማውን በአፍዎ የሚስቡ ከሆነ ይተዉት፤ የአፍ ባክቴሪያ ከጠጁ ጋር አብሮ ይወርዳል። ጎማውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሞልተው፣ ሁለቱን ጫፎች በአውራ ጣትዎ ይዘው ያገናኙት፤ የመጀመሪያውን ውሃ ወደ ሌላ ዕቃ ይድፉት። የጎማው ጫፍ እስከ ጀሪካኑ ወለል ይድረስ፣ ጠጁም ሳይንፏፏ ከታች ወደ ላይ ይሙላ፣ እስከ አንገቱም ይድረስ። ገና መፍላቱን ያልጨረሰ ከሆነ ግን ክዳኑን አጥብቀው አይዝጉት።

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከዘጌ ነው። እኛ ዘንድ ጠላ የሚጠመቀው በሸክላ ጋን ነው። ልጄ ጋኑን በበረኪና እንጠበው ትለኛለች፤ እኔ ግን ከግራዋና ከወይራ ሌላ አላውቅም። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ እርስዎ ልክ ነዎት፣ እናቴ። ሸክላ ቀዳዳው ስለሚበዛ በረኪናውን ይጠጣዋል፤ ምንም ያህል ቢለቀለቅ ለሚቀጥለው ጠላ ይመልሰዋል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ሲታሽ ከግድግዳው ላይ አተላው ይላቀቃል፤ ተገልብጦ በወይራ ሲታጠን ደግሞ ጢሱ ውሃና ጨርቅ የማይደርሱበት ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ በጢሱ ውስጥ ያሉት ፌኖሎችም ባክቴሪያን ያዳክማሉ። ልጅዎ በአንድ ነገር ግን ልክ ናት፦ ጠላው ወደ ፕላስቲክ ጀሪካን የሚገለበጥ ከሆነ፣ ለጀሪካኑ ከላይ የተናገርነው የበረኪና ልክ ይሠራለታል። ጀሪካኑን ግን እንዳያጥኑት፤ ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ጠላውንም ያሸታል።