ሌላ ትምህርት ቤት እንደተቀበለኝ ያውቁብኝ ይሆን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፤ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ነው። ዘንድሮ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት አምካስ በተባለው የጋራ ማመልከቻ አገልግሎት በኩል ለ18 ትምህርት ቤቶች አመልክቼ ሁለቱ ተቀብለውኛል፤ አንዱ ደግሞ በተጠባባቂዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶኛል። ከሁሉም አብልጬ የምመኘው ይህንኑ ተጠባባቂ ያደረገኝን ትምህርት ቤት ነው። የተቀበሉኝ ሁለቱ የገንዘብ ድጋፋቸው ምን ያህል እንደሆነ ገና አልነገሩኝም። አንድ ወዳጄ ግን «የትኛው ትምህርት ቤት እንደተቀበለህ ሁሉም በስም ያያሉ፤ ወደ ሌላ ትሄዳለህ ብለው ካሰቡ ድጋፉን ያሳንሱብሃል፤ የምትጠብቀውም ሌላ ቦታ እንዳለህ አይቶ ይተውሃል» ብሎ አስጨንቆኛል። እውነት ነውን? ከሁለቱ አንዱን አሁኑኑ መልቀቅ ይኖርብኛልን?

መልስ፦ በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለዎት። እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ አሜሪካ የኤምዲ (የሕክምና ዶክተርነት ዲግሪ) ትምህርት ቤቶች ለመግባት ካመለከቱት ከ52,000 በላይ ሰዎች ውስጥ ትምህርቱን የጀመሩት 23,000 ያህሉ ብቻ ነበሩና፣ ሁለት በር ተከፍቶልዎት ሦስተኛውን መጠበቅ ቀላል ነገር አይደለም። ወዳጅዎ የነገሩዎት ፈጽሞ መሠረት የሌለው ወሬ ነው ለማለት አልችልም፤ ጊዜው ያለፈበት እውነት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። ማመልከቻዎን ሲልኩ የመረጧቸውን 18 ትምህርት ቤቶች ዝርዝር የሚያውቁት እርስዎና የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር የሚያስተዳድረው አምካስ ብቻ ናችሁ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚደርሰው የእርስዎ ማመልከቻ፣ ውጤትና የድጋፍ ደብዳቤ እንጂ ከእርሱ ሌላ የትና የት እንዳመለከቱ የሚናገር ወረቀት አይደለም። ከዚህ የሚለየው «ኧርሊ ዲሲዥን» በሚባለው መንገድ የሚያመለክት ሰው ነው፤ እርሱ መልሱን እስኪያገኝ ድረስ በአንድ ትምህርት ቤት ብቻ እንዲወሰን ግዴታ ስለሚገባና ውሳኔውም እስከ ኦክቶበር 1 ስለሚነገረው፣ ትምህርት ቤቱ ብቸኛ ምርጫ መሆኑን ከመጀመሪያው ያውቃል።

የወዳጅዎ ስጋት የመጣው ቀድሞ ከነበረ አሠራር ነው። በዚያ ዘመን ማኅበሩ በጸደይ ወራት «መልቲፕል አክሰፕታንስ ሪፖርት» የተባለ መግለጫ ለትምህርት ቤቶች ያቀርብ ነበር። አንድ አመልካች ከአንድ በላይ ትምህርት ቤት ተቀብሎት ከሆነ፣ የተቀበሉት ትምህርት ቤቶች የእርስ በርሳቸውን ስም ከዚያ መግለጫ ላይ ያነቡ ነበር። ያን ጊዜ ያመለከቱ ሰዎች ዛሬ ሐኪሞች ሆነው ታናናሾቻቸውን ሲመክሩ የሚያስታውሱት ይህንኑ ነውና፣ ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም ያ መግለጫ ቀርቷል፤ ከ2019 መግቢያ ዓመት ጀምሮም «ቹዝ ዩር ሜዲካል ስኩል» (የሕክምና ትምህርት ቤትዎን ይምረጡ) የተባለ፣ በአምካስ ገጽ ላይ የሚገኝ መሣሪያ ተተክቶበታል።

ትምህርት ቤቶች ይህን መረጃ የሚፈልጉት ለክፋት ነው ብዬ አላምንም። 120 መቀመጫ ያለው ትምህርት ቤት 120 ሰው ብቻ ቢቀበል፣ ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ወደ ሌላ ስለሚሄዱ በትምህርት መክፈቻው ቀን ባዶ ወንበር ይቀርበታል፤ እጅግ አብዝቶ ቢቀበል ደግሞ ለአስከሬን ምርመራ ክፍለ ትምህርትም ሆነ በሆስፒታል ለሚሰጠው ልምምድ ቦታ የማይበቃው ተማሪ ይመጣበታል። ስለዚህ ከተቀበላቸው ውስጥ ስንቱ እንደሚመጣ አስቀድሞ መገመት አለበት። አዲሱ መሣሪያ የሚሰጠው በዋነኛነት ይህን ግምት የሚያግዝ ቁጥር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከፌብሩዋሪ 19 ጀምሮ አመልካቹ በአምካስ ገጹ ላይ ከተቀበሉት ትምህርት ቤቶች አንዱን «ፕላን ቱ ኢንሮል» ብሎ፣ ማለትም «ለመግባት አስቤያለሁ» ብሎ መምረጥ ይችላል። እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ ትምህርት ቤቱ የሚያየው ጥቅል ቁጥር ብቻ ነው፤ ከተቀበላቸው ሰዎች ይህን ያህሉ እርሱን መርጠዋል፣ ይህን ያህሉ ሌላ መርጠዋል፣ ይህን ያህሉ ገና አልመረጡም የሚል፣ ስም የሌለበት ቁጥር። ከኤፕሪል 30 ጀምሮ ግን እርሱን የመረጡት እነማን እንደሆኑ በስም ያያል። ከዚያ ቀን በኋላ እርስዎን በመራጮቹ ስም ውስጥ ያላገኘ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሌላ አዘንብለዋል ወይም ገና አልወሰኑም ብሎ መገመቱ የማይቀር ነው። የተቀበሉዎት ሌሎች ትምህርት ቤቶች በስም ተዘርዝረው የሚታዩበት ያ የቀድሞው ገጽ ግን የለም።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ፍርሃቶችዎ ልመለስ። የመጀመሪያው የገንዘብ ድጋፍ ነው። ትምህርት ቤቶቹ የድጋፉን መጠን በሚወስኑበት ወቅት በአምካስ በኩል የተፎካካሪያቸውን ስም አያገኙም፤ በችግር ላይ የተመሠረተውን ድጋፍ የሚያሰሉትም እርስዎ ፋፍሳ በተባለው የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ ቅጽና በትምህርት ቤቱ በራሱ ቅጽ ከሞሉት የገቢና የሀብት መረጃ ተነሥተው ነው። እንዲያውም በዚህ ረገድ ተጨማሪ ነገር መናገር አንዳንዴ የሚጠቅመው እርስዎን ነው። ከሁለቱ አንዱ የተሻለ ድጋፍ ቢሰጥዎትና ልብዎ ያለው በሌላኛው ቢሆን፣ የተሻለውን የድጋፍ ደብዳቤ አያይዘው «ወደ እናንተ መምጣት እፈልጋለሁ፤ ልዩነቱ ግን ከአቅሜ በላይ ሆኖብኛል፤ እንደገና ልታዩልኝ ትችላላችሁን?» ብለው በትሕትና መጻፍ የተለመደና የሚያስከብር ነገር ነው። ሁሉም ትምህርት ቤት እሺ አይልም። እምቢ ቢሉ እንኳ የጠየቀን ሰው ቅበላ በዚህ ምክንያት ይሰርዛሉ ብለው አይስጉ። ደብዳቤው ግን እውነተኛ መሆን አለበት፤ ያልተሰጠዎትን ድጋፍ ተሰጥቶኛል ማለት ቅበላን የሚያሰርዝ ማጭበርበር ነው።

ሁለተኛው ፍርሃትዎ፣ ተጠባባቂ ያደረገዎት ትምህርት ቤት ሌላ ቦታ እንዳለዎት አውቆ ይተወኛል የሚለው ነው። ያልተቀበለዎት ትምህርት ቤት የተቀበሉዎትን ትምህርት ቤቶች የስም ዝርዝር አይሰጠውም። ከዚህም በላይ፣ በተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ ያለ ጥሩ አመልካች ሌላ ቦታ ማግኘቱ የሚያስገርመው የቅበላ ጽሕፈት ቤት አለ ብዬ አላስብም። እነርሱን የሚያሳስባቸው፣ ጊዜው ሲደርስ ስልክ ቢደውሉልዎ ይመጣሉ ወይስ አይመጡም የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው እርስዎ የሚጽፉት ደብዳቤ ነው። ቢጠሩኝ ያለጥርጥር እመጣለሁ የሚል ደብዳቤ የሚጻፈው ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ይህን ቃል ለሦስትና ለአራት ትምህርት ቤቶች የሚልኩ ሰዎች አሉ፤ መሣሪያው ስለማያጋልጣቸው ያለ መዘዝ የሚያልፍ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የሐኪምነትን መንገድ በሐሰት ቃል የሚጀምር ሰው ያሳዝነኛል፤ በዚያ ላይ የቅበላ ኃላፊዎች በሙያቸው የሚተዋወቁ ሰዎች መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም።

አሁኑኑ አንዱን መልቀቅ አለብኝን ላሉት፣ የለብዎትም። የማኅበሩ መመሪያ አመልካቾች ከኤፕሪል 15 በኋላ ከሦስት በላይ ቅበላ ይዘው እንዳይቆዩ፣ እስከ ኤፕሪል 30 ደግሞ ወደ አንድ እንዲያወርዱ ይጠይቃል፤ እርስዎ የያዙት ሁለት ነውና የድጋፍ ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን አድርገው ለማየት ጊዜ አለዎት። ቦታዎን ለማስጠበቅ ቀብድ ከጠየቁዎትም፣ መመሪያው ቀብዱ ከ100 ዶላር እንዳይበልጥና እስከ ኤፕሪል 30 ለሚለቅ ሰው እንዲመለስ ለትምህርት ቤቶች ይመክራል። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ዝርዝር ደንብ የማውጣት ነፃነት ስላለው የቅበላ ደብዳቤዎን እያንዳንዱን መስመር አንብበው ቀኖቹን ይመዝግቡ።

ኤፕሪል 30 ሲደርስ ከሁለቱ አንዱን «ፕላን ቱ ኢንሮል» ብለው ይምረጡ፤ ሌላውን በጽሑፍ ይልቀቁ። ይህን ምርጫ ይዘው በሚመኙት ትምህርት ቤት የተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ መቆየት ይፈቀድልዎታል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ ቀጥሎ ባለው ደረጃ ነው። «ኮሚት ቱ ኢንሮል» የሚለው ምርጫ ከመጀመሪያው እጅግ ይለያል፤ ወስኛለሁ፣ ከሌሎች ሁሉ ወጥቻለሁ፣ ከተጠባባቂዎች ዝርዝርም ጭምር ማለት ነው። ይህን በችኮላ የነካ ሰው የሚጠብቀውን በገዛ እጁ ይዘጋዋል። ትምህርት ቤትዎ ይህን ምርጫ እስከ መቼ እንደሚፈልገው የሚወስነው ራሱ ስለሆነ፣ ቀኑን ጠይቀው እስከዚያ ድረስ መጠበቅ መብትዎ ነው። ደግሞም ይህን ምርጫ ማድረግ በራሱ ሌሎቹን ትምህርት ቤቶች አያሰናብትልዎትም፤ ለእያንዳንዳቸው እርስዎ መጻፍ ይኖርብዎታል።

የሚለቁትን ቦታ ሳይዘገዩ ይልቀቁ ስል በእርስዎው ሁኔታ ልመስልልዎት። የሚመኙት ትምህርት ቤት እርስዎን የሚጠራው፣ እርሱ የተቀበለው አንድ የማያውቁት ሰው ሌላ ቦታ መርጦ «አልመጣም» ብሎ ሲጽፍለት ነው። ያ ሰው ደብዳቤውን በኤፕሪል ቢጽፍ የእርስዎ ስልክ በሜይ ሊጮህ ይችላል፤ በጁላይ ቢጽፍ ግን ቤት ተከራይተውና ቀብድ ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ይሆናል። እርስዎ የሚለቁትንም ወንበር እንዲሁ የሚጠብቅ ሰው አለ።

ጥያቄ፦ በቃለ መጠይቅ ላይ «ሌላ የት አመልክተሃል? ማን ተቀብሎሃል?» ብለው ጠየቁኝ። ይህን መጠየቅ ሕገ ወጥ ነው ሲባል ሰምቼ ስለነበር መልስ አጣሁ።

መልስ፦ የሰሙት ነገር የሌላ ደረጃ ሕግ ሳይሆን አይቀርም። የሕክምና ትምህርት ያጠናቀቁ ሰዎች ለልዩ ሙያ ሥልጠና ማለትም ለሬዚደንሲ በሚወዳደሩበት የብሔራዊ ምደባ ሥርዓት፣ ፕሮግራሞች አመልካቹን ሌላ የት እንዳመለከተ እንዲገልጽ እንዳይጠይቁት የሥርዓቱ ስምምነት ይከለክላል። ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት በሚገባበት ጊዜ ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይ ክልከላ የለም፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶችም በተጨማሪ ማመልከቻቸው ላይ ይህንኑ ይጠይቃሉ። ሲጠየቁ ሁሉንም የመዘርዘር ግዴታ የለብዎትም፤ «በምሥራቁ ክፍል ባሉ፣ በማኅበረሰብ ጤና ላይ በሚያተኩሩ ትምህርት ቤቶች አመልክቻለሁ፤ እዚህ የመጣሁት ደግሞ በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ ወደዚያ ትምህርት ቤት መመለስ ይበቃል። ቅበላ ካገኙም አልደብቅም ብለው መናገር ነውር የለውም። የማያስፈልገው ያልሆነውን መናገር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ በቴክሳስ በሚገኙ የመንግሥት ሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልክታለች። የምርጫዋን ቅደም ተከተል እንድታስገባ ተጠይቃ፣ «አንደኛ ያላደረግኋቸው ቢያውቁ ይቀየሙኛል፤ ስለዚህ ይቀበለኛል የምለውን ላስቀድም» ትላለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ በእውነት የምትወደውን እንድታስቀድም ይንገሯት። ለቴክሳስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያመለክቱት በአምካስ በኩል ሳይሆን ቲኤምዲኤስኤኤስ በሚባለው በግዛቱ የራሱ አገልግሎት ነው፤ ከላይ የተገለጸው የአምካስ መሣሪያ እዚያ አይሠራም። የግዛቱ ነዋሪ የሆኑ አመልካቾች ትምህርት ቤቶችን በቅደም ተከተል ይደረድራሉ፤ ትምህርት ቤቶችም አመልካቾችን ይደረድራሉ፤ ሁለቱ ዝርዝሮች በኮምፒውተር ይገጣጠሙና ውጤቱ በፌብሩዋሪ ይነገራል። ትምህርት ቤቶቹ የእነርሱን ዝርዝር ሲያዘጋጁ ልጅዎ ማንን ስንተኛ እንዳደረገች አያዩም። ይቀበለኛል የምትለውን ትምህርት ቤት ብታስቀድምና እርሱም ቢመርጣት ምደባው እዚያው ይቆማል፤ ከበታች ያስቀመጠችው የምትወደው ትምህርት ቤት ፈልጓት ቢሆን እንኳ ዕድሉ ያመልጣታል። የምትወደውን አስቀድማ ባይሳካላት ግን ሥርዓቱ ወደ ቀጣዩ ምርጫዋ ያልፋል እንጂ ስለ ሞከረች የሚቀነስባት ነገር የለም። ከቴክሳስ ውጭ በአምካስ ወይም ለኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤቶች በሚያገለግለው በአኮማስ በኩልም አመልክታ ከሆነ፣ በአንዱ የወሰነችውን ለሌሎቹ ራሷ በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርባታል።