መልስ፦ የእንቁራሪት ጾታ በዘር ከተወሰነ ኬሚካል እንዴት ይለውጠዋል?

ውድ ጠያቂ፣ ዘር አቅጣጫውን ቢያመለክትም አካሉን የሚቀርጸው ሆርሞን ነው። በአፍሪካ ባለጥፍር እንቁራሪት ሴቷ ዜድና ደብልዩ፣ ወንዱ ሁለት ዜድ ክሮሞሶሞች አሏቸው። ይሁንና አሮማቴዝ የተባለው ኢንዛይም ቴስቶስትሮንን ወደ ኤስትሮጅን ስለሚቀይር፣ እንቁራሪቱ ገና እጭ (ጭራ ያለው ግልገል) ሳለ ኤስትሮጅን ከበዛበት፣ በዘር ወንድ የሆነውም ቢሆን በቆለጥ ፈንታ እንቁልጢ (እንቁላል የሚያመነጨውን የሴት አካል) ሊያበቅል ይችላል።

የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ታይሮን ሄይስና ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አትራዚን የተባለው ፀረ አረም በቢሊዮን 2.5 እጅ ብቻ በነበረበት ውኃ ካደጉት ወንዶች 10 በመቶው እንቁላል የሚጥሉ ሴቶች ሆነዋል። ለእኔ ይበልጥ የሚያስደንቀው፣ እነዚህ ከወንድ ጋር ተዳቅለው የወለዷቸው ሁሉ ወንዶች መሆናቸው ነው፤ ሁለቱም ወላጆች ዜድ ብቻ ስላላቸው ደብልዩ ከየትም ሊመጣ አይችልምና። የፀረ አረሙ አምራች ግን ግኝቱን አጥብቆ ተከራክሮበታል።