ማሽኑ ያየውና ማሽኑ የገመተው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዱባይ ነው የምሠራው። አብረውኝ የሚኖሩት ሕንዶችና ፓኪስታኖች ናቸው፤ ከክሪኬት ሌላ ቲቪ ላይ የሚከፈት ነገር የለም። ሕጉ ቀስ እያለ እየገባኝ ነው። አንድ ነገር ግን እምቢ አለኝ። ኳሷ የመቺውን እግር ትመታለች። ስክሪኑ «እግሩ ባይኖር ከኋላው የተተከሉትን እንጨቶች ትመታ ነበር» ብሎ ያሳያል። እንዲህ ከሆነ ሰውዬው ከጨዋታ መውጣት ነበረበት፤ ግን አልወጣም ይባላል! ሌላ ቀን እንደዚያችው ያለች ኳስ ታስወጣዋለች። ኮምፒዩተሩ እያለ ዳኛው ምን ይሠራል?
ሀ.፣ ከዱባይ

መልስ፦ ወንድሜ ሀ.፣ ካሜራዎቹ ኳሷን የሚያዩዋት እግሩን እስክትነካ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መስመር በስሌት የተሣለ ግምት ነው። እግር ኳስ ላይ ቫር ኦፍሳይድ ሲለካ የሆነውን ነው የሚለካው። ይኼኛው ያልሆነውን ነው የሚለካው። ስለዚህ በግምቱ መሠረት እንጨቶቹን የሚነካው ከኳሷ ግማሽ በታች ከሆነ፣ የሜዳው ዳኛ ያለው ይጸናል። አንዱ ዳኛ ወጣ፣ ሌላው አልወጣም ብሎ ከሆነ ሁለቱም ይጸናሉ።

እኔ በዚህ ሕግ ቅር አይለኝም። የሚያናድደኝ ቡድኖች ይግባኛቸውን፣ ማለትም የዳኛውን ውሳኔ በማሽኑ የማስመርመር ዕድላቸውን፣ እንደ ቀልድ ሲያቃጥሉት ነው፤ ይግባኙ ካልተሳካ ዕድሉ ይቀነሳል። በፈረንጆቹ ኦገስት 2019 ሊድስ ከተማ፣ ሄዲንግሊ ሜዳ ላይ እንግሊዝ አውስትራሊያን ለማሸነፍ 359 ሩጫ (የክሪኬት ነጥብ) ፍለጋ ላይ ነበረች። የቀራት የመጨረሻው የመቺዎች ጥንድ ብቻ ነው፤ ቤን ስቶክስና ጃክ ሊች። ከሁለቱ አንዱ ከወጣ አለቀ። አውስትራሊያ የመጨረሻ ይግባኟን ሊች ላይ፣ ምንም ተስፋ በሌላት ኳስ አባከነችው። ወዲያው እንግሊዝ 2 ሩጫ ሲቀራት አውስትራሊያዊው ኔተን ላየን የወረወራት ኳስ የስቶክስን እግር መታች። ዳኛው ጆኤል ዊልሰን አልወጣም አለ። የቲቪው ስሌት ግን እንጨቶቹን ትመታ ነበር አለ። ማን ይጠይቅ? ይግባኝ የለ! ስቶክስ 135 ሩጫ ይዞ ጨረሰ፤ እንግሊዝም አሸነፈች። (ስቶክስ በኋላ ማሽኑ ነው የተሳሳተው ብሎ ተከራክሯል። መቼስ ምን ይበል?)

ሰው ሁሉ ዊልሰንን ወቀሰ። እኔ ግን ከዳኛው ይልቅ የአውስትራሊያን ካፒቴን እወቅሳለሁ። ያኔ በቴስት (ቀናት በሚፈጀው የክሪኬት ዓይነት) ለአንድ ኢኒንግ (አንድ ቡድን ለሚመታበት ተራ) ለእያንዳንዱ ቡድን የተፈቀደው 2 ያልተሳካ ይግባኝ ነበር፤ በኋላ 3 ሆነ። ከላይ እንዳልኩት ከኳሷ ግማሽ በታች ሆኖ የዳኛው ቃል ከጸና ደግሞ ይግባኙ አይቃጠልም። ክርክሩ ካልበረደ ጎረቤቶችህን ይዘህ ሂድ፤ የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት ቢሮ እዚያው ዱባይ ነው።