ካርቶኑ አንድ፣ ውስጡ ሌላ፦ የኮሪያ ቅባቶች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ የኮሪያ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ላከችልኝ። ከዱባይ ከመጣልኝ ጋር ስሙ አንድ ነው። ይሄኛው ግን ይወፍራል፤ ስቀባው ከወፍጮ ቤት የወጣሁ ያስመስለኛል። ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ኮሪያ ውስጥ ሰንስክሪን የሚመደበው ከኮስሞቲክስ ነው። አሜሪካ ግን እንደ መድኃኒት ስለሚቆጠር ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ያልፈቀደው የጨረር ማጣሪያ አይገባበትም። ኤፍዲኤ ደግሞ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ በኋላ አዲስ ማጣሪያ ሳይጨምር ከ20 ዓመት በላይ ቆይቷል። የኮሪያዎቹን ቀለል ያሉ ክሬሞች ያስወደዳቸው እንደ ዩቪኑል ኤ ፕላስ ያለ ማጣሪያ ከተፈቀዱት ውስጥ የለም። ስለዚህ ፋብሪካው አሜሪካ በሕጋዊ መንገድ ለመሸጥ ያንኑ ስም ይዞ ውስጡን ይቀይራል፤ እዚያ የተፈቀዱትን ማጣሪያዎች፣ አቮቤንዞን ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ያስገባል። የእኛን ዓይነት ቆዳ ነጭ የሚያደርገው ዚንኩ ነው።

ካርቶኑን ገልብጪው። ጀርባው ላይ «ድራግ ፋክትስ» የሚል ሠንጠረዥ ካለ ለአሜሪካ የተሠራ ነው። የኮሪያው «ፒኤ» ብሎ የመደመር ምልክት ይደረድራል፤ አራት ከሆነ ከፍተኛው ነው። ይህ ዩቪኤ የተባለውን ጨረር ምን ያህል እንደሚከላከል ይነግርሻል። ማድያት ካለብሽ ይህን ሳታዪ አትግዢ።

ጥያቄ፦ ፓሪስ ነው የምኖረው። የፊት ሬቲኖሌ (ለመጨማደድ የምቀባው የቫይታሚን ኤ ዓይነት) መጠኑ ከ0.5 ወደ 0.3 በመቶ ወረደ። ዋጋው ግን ያው ነው። ተበላሁ?

መልስ፦ ዋጋውን እነሱ ይጠየቁበት። መጠኑን የቀነሰው ግን ሕጉ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ አዲስ ገበያ ላይ የሚወጣ የፊት ቅባት ከ0.3 በመቶ በላይ ሬቲኖል እንዳይኖረው ወስኗል። ለሰውነት የሚቀባው ደግሞ 0.05 ነው።

ጥያቄ፦ ከቀንድ አውጣ ዝልግልግ የሚሠራው ፈሳሽ ቅባት፣ ኤሰንሱስ፣ እንደየአገሩ ይለያያል?

መልስ፦ እንዲህ ያለው እርጥበት ሰጪ እንደ ሰንስክሪን ሕግ አይጠብቅበትም፤ ቀመሩን ለመቀየር ምክንያቱ ትንሽ ነው። በጾም ይቀባል ወይ የምትሉኝን ግን ለንስሐ አባቶቻችሁ ትቻለሁ።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ክሬም 2025.03.10 ይላል። ጊዜው አልፎበታል?

መልስ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብለህ አንብበው። ከዚያ አጠገቡ ያለውን የኮሪያ ጽሑፍ በስልክህ ካሜራ አስተርጉም። «ጄጆ» ካለ የተመረተበት ቀን ነው፤ «ካጂ» ካለ ማብቂያው ነው። የተመረተበት ከሆነ ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ ሥዕል ፈልግ። ሥዕሉ ላይ 12 ካለ፣ ከከፈትከው በኋላ 12 ወር ትጠቀምበታለህ።