ባሕር ዳር ተቀምጦ የኳንተም ሶፍትዌር መሥራት ይቻላል ወይ?

እህቴ፣ ፔዳ ግቢ ፊዚክስ ተምረሽ ልትመረቂ ነው። «ኳንተም ኮምፒውተር በሌለበት ከተማ የኳንተም መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር መሥራት ይቻላል? ሥራውስ ምንድን ነው?» ብለሻል። ይቻላል። እኔ የምሠራው ከዚሁ ነው፤ ማሽኑ ውጭ አገር ነው። ማሽኑ ያለበት ሕንፃ ውስጥ የተቀመጡትም ቢሆኑ በእጃቸው አይነኩትም። ቺፑ ከ10 እስከ 20 ሚሊኬልቪን (ከፍፁም ዜሮ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ሙቀት) በሚደርስ ፍሪጅ ውስጥ ተቆልፎበታል። ሁላችንም የምናዘው በኮድ ነው።

የምናዘው ምንድን ነው? ማይክሮዌቭ ፐልስ፣ ማለትም ወደ ቺፑ የሚላክ አጭር የሞገድ ምት። ቅርጹን፣ ጉልበቱን፣ ርዝመቱን እንወስናለን። ርዝመቱ ጥቂት አሥር ናኖሰከንድ ነው።

ክፍል ውስጥ ኪዩቢት፣ ማለትም የኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ አሃድ፣ 0 እና 1 ብቻ ነው ተብለሻል። ትራንስሞን የሚባለው የኪዩቢት ዓይነት ግን 2ም፣ 3ም የሚባሉ የኃይል ደረጃዎች አሉት። ከ0 ወደ 1 የሚያሻግረው ፍሪኩዌንሲ 5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። ከ1 ወደ 2 የሚያሻግረው ከሱ የሚያንሰው በ200 ወይም 300 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ፐልሱን በጣም ካሳጠርሽው የፍሪኩዌንሲ ስፋቱ ይጨምርና ወደ 2 ያፈስብሻል፤ ታንኳን ባንዴ ሲገፉት ውሃ እንደሚያስገባው። ካስረዘምሽው ደግሞ ኪዩቢቱ መረጃውን ያጣል። በ2009 የታተመው ድራግ የሚባል ዘዴ እዚህ ላይ ይደርስልናል። የፐልሱን ዴሪቬቲቭ ወስደሽ፣ በመጠን አስተካክለሽ፣ ፌዙ በ90 ዲግሪ በሚለየው ሞገድ ላይ መጨመር ነው። ኮዱ ከአንድ መስመር አያልፍም። እኔ እስካሁን ይገርመኛል።

ይህን ዛሬ ማታ ሞክሪው። ፓይተንና የኳንተም ሲሙሌሽን የሚሠራበት ላይብረሪው ኩቲፕ ነፃ ናቸው። 0፣ 1 እና 2ን ብቻ የሚይዝ ሦስት በሦስት ማትሪክስ ስለሆነ አሮጌ ላፕቶፕም አይከብደውም። ፐልሱ ሲያልቅ 2 ላይ የቀረውን በድራግም ያለ ድራግም አስዪ።

ራስ ምታቱ ሌላ ቦታ ነው። ኬብሉ ፐልሱን ያዛባዋል፣ የኪዩቢቱ ፍሪኩዌንሲም ይንሸራተታል። ትናንት ልክ የነበረው ዛሬ ልክ አይደለም። ስለዚህ ቀኑ የሚያልፈው ካሊብሬሽን የሚሠራ፣ ማለትም ፐልሱን እንደገና የሚያስተካክል ኮድ ስንጽፍና ሲሙሌሽኑ ከልኬቱ ለምን እንደተለያየ ስናሳድድ ነው። በኔ እይታ ከተጨማሪ የኳንተም ኮርስ ይልቅ ኑሜሪካል ሜተድ፣ ኦፕቲማይዜሽንና ጊት (የኮድ ለውጥ መከታተያ) ይበልጥ ያዋጡሻል። ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ኮድ) መጻፍም ልመጂ፤ የፊዚክስ ልጆች አንወደውም።

መብራቱን ታውቂዋለሽ። ረጅም ስሌት ስታስነሺ ውጤቱን በየመሃሉ ፋይል ላይ አስቀምጪ። ከተቻለ ሩቅ ሰርቨር ላይ አስነሺው፤ እዚህ መብራት ቢሄድም እዚያ ይቀጥላል።

የድራጉን ግራፍ ስታወጪ እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።