ዕቁቡን ለመለዋወጫ ሻጩ እንዳትሰጥ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለባጃጁ ከአበዳሪ ተቋም 60,000 ብር ወስደህ ሁለት ወር ሳትከፍል ቀርተሃል። በሞባይልህ የወሰድከው የስልክ ብድር አለብህ። ለመለዋወጫ ሻጩ የ18,000 ብር ዱቤ አለብህ። በሚቀጥለው ወር 40,000 ብር ዕቁብ ስለሚደርስህ በየትኛው ልጀምር ብለሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሁሉ «ሰው ይቀድማል፣ ለሻጩ ስጠው» ይሉሃል። እኔም ድሬዳዋ አሸዋ ገበያ ድሪያ ቀሚስና ሽርጥ እየሸጥኩ እንደዚያው አስቤ ነው ጉድ የሆንኩት።

1. ዕዳህን በመጠኑ ሳይሆን በሚወልደው ደርድረው። የሻጩ 18,000 ለከርሞም 18,000 ነው። የስልኩ ግን ቀኑ ካለፈ ቅጣቱ ይቆጥራል፤ ስለዚህ ትንሽ ናት ብለህ አትናቃት፣ መጀመሪያ እሷን ዝጋ። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ በክሬዲት ካርድ ተበድሮ በየወሩ ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ ሲከፍል ዋናው ዕዳ ንቅንቅ አልል ብሎት ነበር። የእኛ ካርድ የራሳችንን ገንዘብ ማውጫ ስለሆነ ይህ የማይመለከተን ይመስለናል። የስልኩ ብድር ታዲያ ምንድን ነው?

2. ወለዱ የሚሰላው መጀመሪያ በወሰድከው ላይ ነው ወይስ በቀረብህ ላይ? 60,000 ብር በ15 በመቶ ለሁለት ዓመት፣ በወሰድከው ላይ ከተሰላ ወለዱ 18,000 ብር ነው። በየወሩ እየከፈልክ በቀረው ላይ ከተሰላ ወደ 9,800 ብር ይወርዳል። በመቶኛው ያው ነው፣ ልዩነቱ ግን ከ8,000 ብር በላይ! እኔ «ስንት በመቶ ነው?» ብዬ ብቻ ጠይቄ ፈረምኩ።

3. ዋስህን አስብ። የመንግሥት ሠራተኛ መሆኑን አልጻፍክም፣ ግን ሳይሆን አይቀርም። ውሉን አውጣና «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ፈልግ። ካለ፣ ተቋሙ አንተን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ እሱ መሄድ ይችላል ማለት ነው። የእኔ ዋስ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ መምህር ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ድሪያዬን በድሮው ዋጋ ሸጬ በአዲሱ ዋጋ ላመጣ ስል ገንዘቡ ግማሹን እንኳ አልሞላልኝም። ክፍያ አቋረጥኩ። ጥቅምት ላይ 50,000 ብር ዕቁብ ደረሰኝ። ጨርቅ በዱቤ የሚያመጣልኝ ነጋዴ በየቀኑ በቀትር መጥቶ ሱቄ በር ላይ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል፤ ዕዳውን አያነሣም፣ በካርቶን ቁራጭ ራሱን እያራገበ ዝም ብቻ። ዝምታው ገደለኝ። ጎረቤት እያየ ብሩን ቆጥሬ አስረከብኩት፤ ሁሉም «ጎበዝ፣ ቃሏን ጠባቂ» አሉኝ። ያኔ የተቋሙ ብድር 90 ቀን ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ያንን ካለፈ ከተበላሹ ብድሮች ተርታ ይመደባል።

ጥር ላይ የመምህሩ ሚስት መጣች። የደመወዝ ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር። ፈታችው፣ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው፣ ለእኔ ዕዳ የተቆረጠበትን መስመር በሂና በቀላ ጣቷ ነካችው። አንድ ቃል አልተናገረችም።

በማግሥቱ ተቋሙ ቢሮ ሄድኩ። የብድር ባለሙያዋ ቀና ብላ ሳታየኝ ቀሪው 43,000 ነው አለችኝ። ከሦስት ቀን በኋላ 47,000 ሆነ፣ በሳምንቱ 51,000። እንዴት ስላት «ኮምፒውተሩ ነው የሚያሰላው»። የልጅ ልጅ ላይ የደረስኩ ሴት በላብ ተነክሬ ቆሜ፣ ወንበር እንኳ አላሳየችኝም። ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ። ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጻፍኩ፦ የዋናው፣ የወለዱና የቅጣቱ ዝርዝር ተለይቶ በጽሑፍ ይሰጠኝ፣ የመክፈያው ጊዜ ይራዘምልኝ፣ የዋሴ ደመወዝ መቆረጡ ይቁም። መዝገብ ቤት ገቢ አስደረግኩና ቁጥሩንና ማኅተሙን በእኔ ቅጂ ላይ አስመታሁ። በአምስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደወለልኝ፤ ያን ቀን ወንበር ተገኘ። የቅጣቱ ግማሽ ተነሣ፣ ጊዜው በአሥር ወር ተራዘመ። ስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ደብዳቤው ግን ከጠበቃ አያንስም ነበር።

አራተኛውን ልረሳው ነበር፦ ብሩን ይዘህ ሄደህ ዝም ብለህ እንዳታስገባ። የምትከፍለው መጀመሪያ ለወጪና ለቅጣት፣ ቀጥሎ ለወለድ ነው የሚያዘው፤ ለዋናው የሚደርሰው የተረፈው ነው። ቅጣቱን አስቀንስ፣ በጽሑፍ ተስማማ፣ ከዚያ ክፈል። ለዚህ ብለህም ሌላ የስልክ ብድር እንዳትወስድ።

የመለዋወጫ ሻጩን ደግሞ አትሽሸው። 3,000 ብር ይዘህ ሂድ፣ የቀረውን በየወሩ ስንት እንደምትሰጠው ንገረው፣ ደብተሩ ላይ አስጽፈው። ያኮርፍ ይሆናል፣ ግን አይወልድብህም።

ለመምህሩ የተቆረጠበትን ሁሉ መልሻለሁ። ሚስቱ ግን ዛሬም ድሪያ የምትገዛው ከጎኔ ካለው ሱቅ ነው።