መልስ፦ ማዕበሉ መልሶ ካመጣው መልቀሙ ምን ዋጋ አለው?

«የባሕር ዳርቻውን ቆሻሻ ዛሬ ብንለቅም ነገ ማዕበሉ መልሶ ያመጣዋል» ላልከው፣ ሕንድ ውስጥ ስላለው የሙምባይ ከተማ የቬርሶቫ ባሕር ዳርቻ ልንገርህ። በ2015 እ.ኤ.አ. አፍሮዝ ሻህ የሚባል ጠበቃ ከአንድ አዛውንት ጎረቤቱ ጋር መልቀም ጀመረ። ሁለት ሰው ብቻ! ቀስ በቀስ ሰፈሩ ተከተላቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. የባሕር ኤሊ ጫጩቶች ከብዙ ዓመት በኋላ እዚያ ታዩ። ቆሻሻው ግን አሁንም ይመጣል፤ እሱ ላይ አልተሳሳትክም። ብዙውን የሚያመጡት ወንዝና ቦይ ናቸው።

ስትወጣ ወፍራም ጓንት አትርሳ። ትልቁን ጠርሙስ ማንም ያነሳዋል፤ አንተ ጎንበስ ብለህ የሲጋራ ቁራጭና ክዳን ልቀም። ፀሐይ የሰባበረውን ፕላስቲክ ከደረቅ አሸዋ ለመለየት የወጥ ቤት ወንፊት ይበቃል። የባሕር አረሙን ተወው፣ የነፍሳት ቤት ነው። የለቀምከውን በዓይነት እየቆጠርክ ጻፍ። ከየት እንደሚመጣ ፍንጭ የሚሰጥህ እሱ ነው።